ለንጉሡ አክስት የጠፋ እንባ

ከወገባቸው በታች ዓሣ የሆኑ ሰዎች በሚኖሩበት የባሕር ሥር አገር የንጉሡ አክስት ሞተች። በሕይወት ሳለች ያገኘችውን ድሃ ሁሉ በጅራቷ ስትገርፍ የኖረች ናትና፣ ንጉሡ «ማንም አያለቅስላትም» ብሎ ሰጋ። ስለዚህ ያላለቀሰ ሁሉ ለሻርክ እንዲሰጥ አዋጅ አስነገረ።

በለቅሶው ቀን አንዲት ዛጎል ለቃሚ ባልቴት ስታዛጋ ተገኘችና ንጉሡ ፊት አቀረቧት።

«አንቺ፣ ለምን አላለቀስሽም?» አላት።

ባልቴቷ ሻርኩ ከኋላዋ ሲዞር ይታወቃታል። ጉልበት ስለሌላት እንጂ ቢኖራት በተብረከረከ ነበር።

«ንጉሥ ሆይ፣ እስቲ ከዚህ ውሃ አንዴ ይጎንጩ» አለችው።

ንጉሡ ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ።

«ጨው ጨው አለዎት?»

«አዎ። ታዲያ ይኼ ምን አዲስ ነገር አለው?»

«እንባችን ነዋ። እርስዎ ከነገሡ ጀምሮ ስናለቅስ ባሕሩን ሞላነው። ዛሬ ለአክስትዎ ብዬ ዓይኔን ብጨምቀው አንዲት ጠብታ አጣሁ።»

መኳንንቱ ሳቃቸውን ለመዋጥ ቢታገሉም ከየአፍንጫቸው አረፋ እየተንቦለቦለ ወጣ። ንጉሡም የሳቀውን ሁሉ ለሻርክ ቢሰጥ ብቻውን እንደሚቀር ገባውና ለቀቃት።