አንድ ድንጋይ ለሦስት አንገት

በአንድ ወቅት፣ «መቼ?» ብላችሁ እንዳታቋርጡኝ ብቻ፣ አውራ ጎዳና በሚያቋርጣት ከተማ ውስጥ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። አባታቸው ጋሽ ወልደየስ የታወቁ መካኒክ ነበሩ፤ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። ትልቁ ደጀኔና መካከለኛው ንጋቱ የአባታቸውን ጋራዥ ይሠራሉ። ትንሹ ልሳኑ ደግሞ ሹፌር ነው፤ አስከሬን የምትሸኘውን የዕድሩን መኪና ይነዳል።

ይቺ መኪና ዘይት ማፍሰስ ጀመረች። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ የቆመችበት ሁሉ ይጠቁራል። ጥፋቱ የአንዲት የጎማ ቀለበት ነው። የሞተሩ ዋና ዘንግ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ተወጥራ፣ ዘይቱ እንዳያመልጥ ዘንጉን በከንፈሯ ይዛ የምትኖር ጎማ ናት። ስታረጅ ትለቃለች። እሷ ጋ ለመድረስ ደግሞ ካምቢዮ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይፈታል፤ መከራ ነው። ወንድማማቾቹ «ለዕድር ነው፣ በነጻ እንሠራለን» አሉ። ምርቃት ዘነበላቸው።

ካምቢዮው ወርዶ መሬት ላይ እንዳለ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። እትዬ የሺመቤት አርፈዋል፤ ቀብሩ ነገ ነው። የዕድሩ ሽማግሌዎች ጋራዡን ሞሉት። «ትደርሳለች? ኧረ ትደርሳለች ወይ?» ይላሉ እየተቀባበሉ።

ደጀኔ አሮጌዋን ጎማ ለማውጣት ካቻቢቴ አስገብቶ ፈነቀላት። እጁን አዳለጠውና ካቻቢቴው ዘንጉን ጫረው። ጭረቱ ፀጉር ቢያህል ነው። በጥፍሩ ዳበሰው፤ ጥፍሩን ያዘው። ሳይለሰልስ ጎማ እንደማይገጠምበት ያውቃል፤ ማለስለስ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፣ ሰው ቆሟል፣ ሟች ተጋድመዋል። «ምንም አይደል» አለ ለራሱ። ዘንጉ ላይ ጨርቅ ጣል አደረገና ተነሣ። «ንጋቱ፣ አዲሷን ግጠም።»

ንጋቱ ጨርቁን ሲያነሣ ጭረቱን አየው። እዚህ ላይ አዲስ ጎማ መግጠም በቀዳዳ ጄሪካን ውሃ መቅዳት ነው። ቀና ሲል ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ቆመዋል። ታዲያ ታላቅ ወንድምን በሰው ፊት «አበላሸህ» ይሉታል እንዴ? የጋሽ ወልደየስ ልጆች እንዲያ አላደጉም።

«ጋሼ…» አለ ወደ ደጀኔ ዞሮ።

«አቤት፣ ምን ሆንክ?»

«ኧረ ምንም አይደል።»

የጎማዋን ከንፈር ዘይት ቀብቶ፣ ዙሪያዋን በእኩል መታ መታ እያደረገ አስገባት። አገጣጠሙ እንከን የለውም። ዝም ማለቱን ግን ልቡ ያውቃል።

መኪናዋ ያን ቀን ማታና በማግስቱ ጠዋት ድንኳንና ወንበር ስታመላልስ ቆየች፤ ዘይቷ በየመንገዱ ቀረ። ቀትር ላይ ልሳኑ አስከሬኑን ጭኖ ተነሣ። የሟች ልጅ አስካለ ጎኑ ተቀምጣለች፣ ለቀስተኛው ከኋላ ይከተላል። ገበያው መሃል ሲደርሱ ቀይዋ የዘይት መብራት በራች። ያን ጊዜ ሞተር ይጠፋል፤ ጀማሪ ሹፌርም ያውቀዋል። ግን አስከሬን በሽንኩርትና በቲማቲም መሃል ይቆማል? ነውር!

«ምንድን ነው እሱ መብራት?» አለች አስካለ።

«አይዞሽ እቴ፣ ምንም አይደል» አላትና ነዳጁን ረገጠው።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከዳገቱ አናት ብቅ ሲል ሞተሩ ዘይት አጥቶ ነከሰ፤ ቀጥ አለ። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፣ የኋላው በር ተበረገደ፣ ሣጥኑ ወጣ። ለቀስተኛው ደረቱን ሰጥቶ ባይይዘው… ተዉኝ እስቲ፣ ስናገረው እንኳ ፊቴ ይግላል። እትዬ የሺመቤት የቀረውን መንገድ በሰው ትከሻ ሄዱ። ሦስቱ ወንድማማቾች መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ዕድሩ ተሰበሰበ። ዳኛው ጋሽ ተሰማ ፈረዱ፦ «ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ አስካለ እግር ላይ ይውደቅ። እሷ ካልማረች ቤታችሁ በሙሉ ከዕድር ይሰረዛል።»

ይህን የሰሙት ጋሽ ወልደየስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስንቱን የቀበሩ ሰው! «ቀባሪ አታሳጣኝ እያልኩ ስጸልይ የኖርኩት ለዚህ ነው?» አሉ።

የምሕረቱ ቀን ድንጋዩ ከአስካለ ደጅ ተቀመጠ። ደጀኔ ጎንበስ ሲል ንጋቱ ያዘበት፤ ንጋቱ ሲያነሣ ልሳኑ ነጠቀው።

«የጫርኩት እኔ ነኝ» አለ ደጀኔ። «እጅ ይስታል። ጨርቁን ያለበስኩት ግን ስቼ አይደለም።»

«እሱስ አጣድፈውት ነው» አለ ንጋቱ። «እኔ አይቼ፣ አውቄ ገጠምኩ። የወንድሜን ፊት ከሟች ክብር አስበለጥኩ።»

«በጭረት ሞተር አይሞትም» አለ ልሳኑ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። «መብራቷ ነግራኛለች። ብቆም ዘይት እጨምር ነበር። እናቷን ጭኜ ዋሸኋት።»

«እንግዲያው ሦስታችሁም ተሸከሙት» አሉ ጋሽ ተሰማ፣ መገላገል ፈልገው።

አስካለ ከደጃፏ ብድግ አለች። «ለሦስት የያዙት ድንጋይ ይቅርታ አይሆንም፣ ዕቃ ማጓጓዝ ነው። ጥፋቱ ከሁሉ የከበደበትን አንዱን አምጡልኝ፣ እምራለሁ። የተሳሳተ አንገት ካመጣችሁልኝ ግን እናቴን ሁለተኛ አዋረዳችኋት።» ብላ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

ሽማግሌዎቹ እስኪመሽ ተከራከሩ፣ አልተስማሙም። ድንጋዩ ደጅ ላይ ነው፤ ጋሽ ወልደየስ አልጋቸው ላይ ሆነው ወሬ ይጠብቃሉ። እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው። «ምንም አይደል» ሊለኝ የቃጣው ካለ አሁኑኑ ተነሥቶ ይውጣልኝ። የቀራችሁት ንገሩኝ፦ ድንጋዩ የሚገባው ለማን አንገት ነው?