ሽማግሌዎቹና የቴሌስኮፑ ማጣሪያ

አንድ ቀን ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር ጋሽ ጥጋቡ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ደብረ ብርሃን፣ አቶ ወንድይፍራው ቤት ገቡ። የጋሽ ጥጋቡ ጎረቤት ናሁሠናይ የአቶ ወንድይፍራውን ልጅ ትርሲትን ወዶ፣ እሷም ወዳው፣ ለሽምግልና ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው ነው። ሁለቴ «ዘመድ ላማክር» ተብለው ተመልሰዋል። ዛሬም ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ ልጁን በምን ዓይናቸው ያዩታል?

አቶ ወንድይፍራው ደግሞ የማያውቁት ነገር የለም። ሐኪሙን ሕክምና፣ ቄሱን ቅዳሴ ካላስተማርኩ የሚሉ ሰው ናቸው።

«አረፍ በሉ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳያልቅማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ጥጋቡ፣ እንደ ደንቡ።

«እንግዲያው ቆማችሁ ስሙኝ። ልጁ ጓሮው ውስጥ ቴሌስኮፕ ተክሎ ጋላክሲ ፎቶ አነሳለሁ ይላል። ይሁን፣ ያንሳ። ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየሁት። መሣሪያው ላይ አንዲት ማጣሪያ መስታወት ገጥሞ ‹ይመልከቱ› አለኝ። ባይ ባይ ድቅድቅ ጨለማ! ምንድን ናት ብዬ ብጠይቀው፣ ‹የመንገዱን መብራት፣ የጨረቃዋን፣ ሌላውንም ብርሃን ሁሉ ከልክላ፣ ከጋላክሲው የሚመጣውን አንድ ዓይነት ቀይ ብርሃን ብቻ ታሳልፋለች› አይለኝም መሰላችሁ? ሰማይ ሙሉ ብርሃን እያለለት! አሁን ይሄ ጤና ነው?»

ጋሽ ጥጋቡ ግን የዋህ መስለው ጠየቁ።

«ለዚያች ለአንዷ ብርሃን ስንት ሰዓት ይጠብቃል?»

«አምስት ሰዓት! ያውም በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ንቅንቅ ሳይል!»

«እና ሌላ የደመቀ ብርሃን ቢመጣስ?»

«አያስገባም አልኩዎ እኮ! መስሚያ የለዎትም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ። አቶ ወንድይፍራው፣ ስንቱ ሲያብረቀርቅ ዞር ብሎ የማያይ፣ አንዷን ብቻ ብሎ ብርድ ላይ የሚያድር ወንድ አገኘሁ እያሉን ነው። እኛ ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ልጁን እንዲህ አላሞገስነውም። ለትርሲት ከዚህ የበለጠ ምን ዓይነት ባል ሊፈልጉላት ነው?»

አቶ ወንድይፍራው መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ የባለቤታቸው ድምፅ ከጓዳ ቀደማቸው።

«ወንድይፍራው፣ ዝም ብለህ ቀኑን ቁረጥ! እንዲህ ያለች ማጣሪያ ባንተ ጊዜ ብትኖር ኖሮ እኔም በቅናት ባልተቃጠልኩ!»

ቀኑ እዚያው ተቆረጠ።