ለካሜራ የተነገረ መርዶ

አንድ የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ ነበር። በጊዜው ስለሚካሄደው ጦርነት ተከታታይ ድራማ ይሠራል። ድራማው በየሳምንቱ ይታያል፣ ይወደዳልም፤ ተመልካቹ ግን «ጥሩ ነው፣ እውነት አይመስልም እንጂ» ይላል። ይህች አስተያየት አዘጋጁን እንቅልፍ ነሳችው። ስለዚህ ጡረታ የወጡ አንድ ወታደር፣ ሃምሳ አለቃ ቸርነትን፣ አማካሪ አድርጎ ቀጠረ። ሃምሳ አለቃ ቁጥብ ሰው ነበሩ። የጠመንጃ አያያዝ ያርማሉ፤ ሆዱን የተመታ ሰው ያን ያህል ረዥም ንግግር እንደማያደርግ ያስረዳሉ፤ ከዚያ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን አዘጋጁ አዲስ ክፍል እንዲያነቡ ሰጣቸው። በጽሑፉ ላይ አንድ መኮንን በመኪና ይመጣል፣ በር ያንኳኳል፣ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጥና ለአንዲት እናት ልጇ መሞቱን ይነግራታል። ሃምሳ አለቃ አንብበው ሳቁ።

«ይሄ የማን አገር ነው?»

«ፊልም ላይ እንዲህ ነው የሚደረገው» አለ አዘጋጁ።

«እኛ ሰፈር እንዲህ ያደረገ ሰው ተሰድቦ ነው የሚመለሰው። መርዶ እኮ ወግ አለው። ወሬው መጀመሪያ ለጎረቤት ይደርሳል። እናትየው እንዳትሰማ ሁሉም አፉን ይይዛል፤ ብትጠይቅም 'ደህና ነው፣ ምን ይሆናል ብለሽ' ትባላለች። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ሽማግሌዎቹና የዕድሩ ሰዎች ጎረቤት ቤት ይሰበሰቡና አብረው ይሄዳሉ። ስታያቸው ማንም ሳይናገር ይገባታል።»

አዘጋጁ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ያንን ክፍል እንዳለ ቀደደውና እንደ አዲስ ጻፈው። ቀረጻውም ሃምሳ አለቃ በሚኖሩበት ሰፈር፣ በሰፈሩ ሰዎች እንዲሆን ወሰነ። ተዋናይ ሽማግሌ አልፈለገም፤ እውነተኛውን የዕድር ሊቀመንበር ከፊት አስቀደመ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት ሴቶችም የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ። ለነዋሪው ሁሉ ከሦስት ቀን በፊት ተነገረ፤ ሰዉም በቴሌቪዥን ሊታይ ነውና ደስ ብሎት ተስማማ።

አንድ ሰው ብቻ አልሰማም። እማማ ደብሬ የሚባሉ እናት ነበሩ። አንድያ ልጃቸው አንዷለም ግንባር ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ድምፁን ከሰሙ ደግሞ አራት ወር አልፏል። ለእሱ ሊጸልዩ ጠበል ሰንብተው የተመለሱት በቀረጻው ዋዜማ፣ ሰው ወደየቤቱ ከገባ በኋላ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ እማማ ደብሬ የግቢያቸውን በር ከፈቱ። የዕድሩ ሊቀመንበር ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ እሳቸው በኩል ይመጣሉ። ለቀረጻው የተዘጋጀው ቤት ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ነው፤ እሳቸው ግን ይህን ከየት ይወቁት? «አንዷለም!» ብለው ጮኹና መሬት ላይ ተዘረሩ። ሴቶቹ ደንግጠው ሮጠው ያዟቸው፤ ከድንጋጤያቸውም የተነሳ አብረው አለቀሱ። ካሜራ የያዘው ልጅ ወደ አዘጋጁ ዞሮ አየ። አዘጋጁ በእጁ «ቀጥል» አለው።

ነገሩ ድራማ መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። እማማ ደብሬ ሲገባቸው መሬቱን ሳሙ፣ ሳቁ፣ መልሰው አለቀሱ። በዚያ መሃል አዘጋጁ አጠገባቸው በርከክ ብሎ፣ የተቀረጸውን በድራማው ውስጥ ሊጠቀምበት ይፈቅዱለት እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ልጄ አልሞተም አይደል?» አሉት።

«ኧረ አልሞተም እማማ፣ ድራማ ነው።»

«እንግዲያማ የፈለግኸውን አድርግ፣ ልጄ።»

ሃምሳ አለቃ አዘጋጁን ወደ ጎን ጠሩት። «ይሄን አታሳየው» አሉ።

«እውነት ይምሰል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ወጉን ነው የነገርኩህ። ሴትየዋን ውሰዳት አላልኩም።»

አዘጋጁ ፈቃድ እንዳገኘ ነግሯቸው ወደ ሥራው ሄደ። ክፉ ሰው አልነበረም። ምስሉን ሲያቀናብር እሱም አልቅሷል። በድራማው የሚሞተው ወታደር ስም ሌላ ስለነበር ግን ጩኸቱ እንዲገጥምለት የወታደሩን ስም አንዷለም ብሎ ለወጠው። በሙያው አነጋገር ይህ ትንሽ ማስተካከያ ነው።

ክፍሉ በታየበት ሳምንት አገሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ካፌ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ «ያቺ ተዋናይ ማን ናት? እስከዛሬ የት ነበረች?» ይባባላል። «ይሄ ነው እውነት ማለት!» ተባለ። አዘጋጁ ዓመታት የጠበቃትን ቃል አገኘ። የእማማ ደብሬም ጩኸት ብቻውን ተቆርጦ፣ ርዕስም ማብራሪያም ሳይኖረው፣ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ።

እየዞረም እማማ ደብሬ የተወለዱበት ገጠር ደረሰ። ታላቅ ወንድማቸው በሰው ስልክ ላይ የእህታቸውን ፊት አዩ፤ የልጁን ስም ሰሙ። ድራማ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ የገዛ እህታቸውን ለቅሶ ማን ድራማ ይለዋል? ዘመድ አዝማዱን አሰባስበው፣ መኪና ተኮናትረው፣ «አንዷለም፣ አንዷለም» እያሉ ደረታቸውን እየደቁ ሰፈሩ ገቡ። በዚያ ቀን ካሜራ አልነበረም።

ጎረቤቱ ሮጦ ወጣ። ለወንድምየው አስረዳቸው፤ ድራማውን ከመጀመሪያው አሳያቸው። እሳቸውም ገባቸውና አፈሩ። እማማ ደብሬን ግን ማሳመን አልተቻለም።

«ወንድሜ ሳይሰማ ይህን ሁሉ መንገድ አይመጣም» አሉ። «አሁን ነው የደበቃችሁኝ። ደህና ነው ስትሉኝ እኮ ነው የገባኝ። እኔስ ስንቱን እናት ደህና ነው እያልኩ ደብቄ የለ?»

ሃምሳ አለቃ አዘጋጁ ቢሮ ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ የእንኳን ደስ አለህ አበባ ነበር። «ተነስ፣ አንተው ንገራት» አሉት። አላቅማማም፤ ተከትሏቸው መጣ። እማማ ደብሬ ዘመድ ከብቧቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል። አዘጋጁ ፊታቸው ተንበረከከ።

«እማማ፣ የእኔ ጥፋት ነው። ልጅዎ አልሞተም።»

ቀና ብለው አዩት። «አየኸው?»

«አላየሁትም።»

«ድምፁን ሰማህ?»

«አልሰማሁም፣ እማማ።»

«ታዲያ ያን ዕለት አልሞተም ያልኸኝ በምን አውቀህ ነው?»

አዘጋጁ የሚያውቀው በድራማው የሞተው አንዷለም የፈጠራ መሆኑን ብቻ ነበር። የእሳቸው አንዷለም በሕይወት መኖሩን ጠይቆ አያውቅም፤ ሊጠይቅም ትዝ ብሎት አያውቅም። ሃምሳ አለቃ አንገታቸውን ደፉ። ዘመዶቹም ይቀመጡ ወይስ ይሂዱ ግራ ገባቸው፤ ለእንዲህ ያለ ቀን የተሠራ ወግ የለምና።

ልጁስ በኋላ መጣ? ትሉኝ ይሆናል። እኔም ታሪኩን የነገረኝን ሰው ይህንኑ ጠይቄዋለሁ። «ለእናትየው አዝነህ ነው ወይስ መጨረሻውን ለማወቅ?» ብሎ መለሰልኝ። አፈርኩ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ልነግረው አልቻልኩም ነበር።

ጦርነትን በድራማ ማሳየት ነውር የለውም። እውነት እንዲመስል መድከምም ሙያ ነው። ነገር ግን ጦርነቱ ገና ያላለቀላት እናት አለች። እኛ ቴሌቪዥኑን ስናጠፋ የእኛ ለቅሶ ያበቃል፤ የእሷ አያበቃም። ለማስለቀስ ብለን የሰው ሐዘን ስንወስድ ለባለቤቱ ምን እንደተውንለት ልንጠይቅ ይገባል። ይህ ጥያቄ ለሠሪው ብቻ አይደለም፤ ሠሪው የሚያመጣው እኛ ያጨበጨብንለትን ነው።

እስቲ አንተም፣ አንቺም አስቡት፦ «ሲያምር፣ ቁርጥ እውነት ይመስላል!» ብላችሁ ያደነቃችሁት የመጨረሻው ለቅሶ የማን ነበር?