ወንዝ ማዶ ያለው ጎተራ

አንድ ሰው ነበረ። የመንደሩ የጋራ ጎተራ ጠባቂ ነው። አፍንጫው እንዴት ያለ መሰለሽ፣ ነቀዝ ገና ልግባ ብሎ ሲያስብ ይሸተዋል። ይህ ሰው በየወሩ ወንዙን ተሻግሮ የጎረቤት መንደርን ጎተራ ይፈትሻል፤ የዚያኛውም ጠባቂ መጥቶ የእሱን ይፈትሻል። ውላቸው ነው። ላይ ላዩን አያይም። ከታች ባለችው ቀዳዳ እጁን እስከ ብብቱ ከትቶ፣ ከስሩ ዘግኖ በጥርሱ ይቆረጥማል።

ሚስቱ ታዲያ፣ «የራስህን ትተህ የሰው ጎተራ የምታሸት፣ አይጥ ነህ አንተ ሰውዬ?» ትለዋለች። እሱ ግን መቆርጠሙን ይቀጥላል።

አንድ የገበያ ቀን፣ የማዶው ጎተራ ነቀዘ ተባለ። ወሬው ገበያውን ዞሮ እስኪመለስ ነቀዙ ቀንድ አበቀለ። የማዶ ሰው ስልቻውን ይዞ ወደ ጎተራው ሮጠ። የወዲህኞቹም «ነገ ደግሞ የእኛ ነው» ብለው ስልቻቸውን አራገፉ። ጠባቂው ደነገጠ። ሁሉም እህሉን አውጥቶ ገበያ ከደፋው፣ ክረምት ሲገባ በሁለቱም መንደር የሚዘራ ዘር አይገኝም።

የራሱን የዘር ስንዴ በአህያ ጫነና ተሻገረ። ሰው ሁሉ ሊያወጣ ይጋፋል፣ እሱ ሊያስገባ ይጋፋል።

«ጋሼ፣ አበዱ እንዴ? ነቅዟል እኮ» አለችው አንዲት ሴት።

«ማን አየ?»

«አማቴ።»

አማቲቱ ተጠራች። እሷም የሰማችው ከምራቷ ነው።

«እኔ ግን ትናንት ከስሩ ቀምሼዋለሁ» አለና ዘሩን ገለበጠው።

ሰዉ ያውቀዋል፤ በየወሩ ክንዱን አቧራ አልብሶ ሲወጣ አይተውታል። አንዱ ስልቻውን አጠፈ፣ ሌላውም አጠፈ። የማዶው ሲረጋ የወዲሁም ረጋ። ሚስቱማ አንገቷ ከኩራት ብዛት ረዝሞ፣ በበር ለመግባት ጎንበስ ማለት ጀመረች።

እንግዲህ ትርንጎ፣ «የጎረቤት አገር ባንክ እኛን ምን አገባን፣ ለቁጥጥር ድንበር ተሻገሪ የሚሉኝ ለምንድን ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጎተራው ባንክ ነው። ነቀዙ ከስር የተደበቀ የማይመለስ ብድር ነው። ወሬ ደግሞ ኬላ ላይ አይፈተሽም፤ የእነሱ ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ከተሰለፈ የእኛም ይሰለፋል። ያን ጊዜ «ገብቼ አይቻለሁ» የሚል የታመነ ሰው ከሌለ፣ ደህናውም ባንክ ይወድቃል። ስለዚህ ሂጂ፣ ከስሩ እዪ። የእነሱም ሰው ሲመጣ ሳታኮርፊ በሩን ክፈቺለት።

እኔማ «የልጅ ልጅሽ ሥራዋ ምንድን ነው?» ያለኝን ሁሉ፣ «ሦስት አገር ተኝቶ የሚያድረው በእሷ ነው» እለዋለሁ። ጨምሬበት ይሆናል፤ ብዙ ግን አልጨመርኩም።