ኮትቻው ላይ የቆመው አፕል

በአንድ ወቅት፣ አፕል በጨንቻ ደጋ ገና ለክቡር እንግዳ ብቻ ተቆርጦ በሚቀርብበት ዘመን፣ አቶ ኦይሳ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። በቤታቸው ደጅ፣ ቀዩ አፈር ላይ፣ ፍሬው የቀመሰውን ሁሉ ዝም የሚያሰኝ አንድ የአፕል ዛፍ ነበራቸው። ማሳቸው ግን ክረምቱን ሙሉ ውሃ ቋጥሮ የሚከርም ጥቁር ኮትቻ አፈር ነው። ከዛፉ ቅርንጫፍ እየቆረጡ፣ በሌላ አፕል ሥር ላይ እያዳቀሉ እዚያ የተከሉት ችግኝ ሁሉ ሥሩ እየበሰበሰ አለቀ። ዛፉም አረጀ፤ እርሳቸውም አረጁ። ሊሞቱ ሲሉ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጌጤነሽን ጠርተው፣ «አፕሌን ኮትቻው ላይ ያቆመ ልጅ ቤቱንም ማሳውንም ይውረስ፤ እንዳትከፋፍሉት» አሏቸው። ሴትዮዋም እሺ አሉ፤ እሺ ማለት ምን ቸገረ።

የመጀመሪያው ልጅ ማርቆስ ነገሩ የሥር እንጂ የፍሬ አይደለም ብሎ ተነሣ። ለቀዩ አፈር የሚሆን ሥር ለኮትቻው እንደማይሆን ገብቶታል። ሦስት ሳምንት በየመንደሩ ሲጠይቅ ከርሞ፣ ረግረግ ዳር ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ውሃ የማይፈራ ሥር አገኘ። ያለችውን አንዲት ጊደር ሰጥቶ አንድ ሥር ይዞ ተመለሰ። መንደሩ ሳቀበት።

እሱ ሲመለስ የአባቱ ዛፍ ደርቆ፣ ሕይወት የቀረው እንደ እርሳስ የቀጠነ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነበር። ማዳቀሉን ከአባቷ የተማረችው እህቱ ብርቄ በዚያው ሳምንት ልትዳር የድግሱ ጠላ ተጠምቋል። ሠርጉ ይለፍ ብትል ቅርንጫፉ አይጠብቃትም። ሙሽራውን አስቆጥታ፣ ሠርጉን አስተላልፋ፣ ቅርንጫፉን ቆርጣ ከሥሩ ጋር አጋጠመችው፤ ከነጠላዋ ጫፍ በቀደደችው ጨርቅም አሰረችው። ሁለተኛ ሙከራ የሚባል ነገር አልነበረም። ያዘላት።

ተክሎ የሚጠብቀው ታናሹ ታፈሰ ሆነ። ማርቆስ መጋጠሚያው ከአፈር በላይ አንድ ስንዝር ይቆይ ብሎ አጥብቆ አዘዘው። ታፈሰ ግን እንሰት ሲያለማ ያደገ ሰው ነው፤ ለእሱ ተክል መንከባከብ ማለት እግሩ ሥር አፈርና ፍግ መቆለል ነው። ችግኙ በነፋስ ሲወዛወዝ አንጀቱን በላውና ከመጋጠሚያው በላይ ድረስ ቀበረው። ማርቆስ አይቶ ተቆጣ፣ አፈሩን ገለጠ። ወንድሙ ዞር ሲል ታፈሰ መልሶ ቆለለው።

በአራተኛው ዓመት ዛፉ አፈራ። ወይዘሮ ጌጤነሽ አንዱን ገምጠው አለቀሱ፤ የኦይሳ አፕል ነው። ሽማግሌዎች ለፍርድ ተሰበሰቡ። ማርቆስ ሥሬን እዩልኝ ብሎ በገዛ እጁ በዶማ ቆፈረ። በጊደር የተለወጠው ሥር ጠቁሮ፣ በስብሶ አገኙት። ከመጋጠሚያው በላይ ግን፣ ታፈሰ ከቀበረው የአባታቸው ቅርንጫፍ፣ ክንድ የሚያህል አዲስ ሥር ወጥቶ ከውሃው በላይ ወደ ጎን ተዘርግቷል። ሰው ሁሉ ክው አለ።

«ያ ሥር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክረምት ባይሸከመው ይኼኛው ከየት ይወጣ ነበር?» አለ ማርቆስ።

«ሥር ቢኖር አፈር ቢኖር፣ ቅርንጫፉ ሞቶ ቢሆን ምን ልትተክሉ ነበር?» አለች ብርቄ።

ታፈሰ ደግሞ፣ «እኔ እንደማድነው አላወቅሁም» አለ። «ግን ማርቆስን ሰምቼው ቢሆን ዛሬ የምንጣላበት ዛፍ አይኖርም ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። አንዱ አውቆ የለፋ ይቅደም ሲል፣ ሌላው ያወቀው ነገር ከበሰበሰ ምኑን አወቀ አለ። ሌላው ትእዛዝ የጣሰ ይሸለማል ወይ ብሎ ጠየቀ። መጨረሻ ላይ ግራ ሲገባቸው ዶማውን ለእናትየዋ ሰጡ፤ ዶማውን ከእናቱ እጅ ተቀብሎ አፈሩን የሚመልስ፣ እሱ ወራሽ ነው ተባለ።

ወይዘሮ ጌጤነሽ ማርቆስን ሲያዩ ጊደሯ፣ ብርቄን ሲያዩ ሠርጉ፣ ታፈሰን ሲያዩ ያ ሁሉ ፍግ ይመጣባቸዋል። ባላቸው ያሉት «ያቆመ» ነው፤ ማን አቆመው? ምነው ዝም ብላችሁ በበላችሁት ኖሮ፣ ማን ቆፍሩ አላችሁ ብለው አጉረመረሙ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የተገለጠው ሥር ዝናቡ ሳይደርስበት መሸፈን አለበት። ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተዋል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ዶማው ለማን ይሰጥ?