ትሮምቦን ነፊው እና ቀዩ ምልክት

አንድ ትሮምቦን ነፊ ነበረ። ቆይ ግርማቸው፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «የኔታ፣ ልጄ ኮሌጅ ገብቶም ሸሚዝ ሲገዛ እንኳ የቱን ልምረጥ ብሎ ይደውልልኛል። እንዳይሳሳት ብዬ ማሳደጌ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?» ብለኸኛል። ቁጭ በልና ስማ፤ አንተ ስትቸኩል እኔ ነገሩ ይጠፋብኛል።

ትሮምቦን ያ ረጅሙ የናስ ጥሩምባ ነው፤ ሰልፍ ላይ አይተኸዋል። እንደ ዋሽንት ቀዳዳ የለውም፣ እንደ ክራር ክር የለውም። ነፊው አንዱን ቱቦ ወደ ፊት እየገፋ ወደ ኋላ እየሳበ ድምፁን ይፈልጋል። የት ላይ እንደሚያቆመው የሚነግረው ጆሮው ብቻ ነው። ጥቂት ካለፈ ወይም ካነሰ ዜማው ይበላሻል።

ይህ ሰው ሙያውን የጀመረው በማርሽ ባንድ ውስጥ ነበር። አለቃው ክፉ ነበር፤ ድምፅ የሳተውን በጓደኞቹ ፊት በዱላ ጣቱን ይመታዋል። አንድ የበዓል ቀን ሰውየው ሳተ። ተመታ፣ ሕዝቡም ሳቀበት። ከዱላው ይልቅ ሳቁ አንገበገበው። ቢሆንም በርትቶ ተማረ። ቲያትር ቤት ሲነፋ ሰዉ የያዘውን ቆሎ መቆርጠም ይተው ነበር። ውጭ አገር ተልኮ ተምሮ ሲመለስ ዩኒቨርሲቲ መምህር አድርጎ ቀጠረው። ቀን ያስተምራል፣ ማታ መድረክ ላይ ይነፋል። ያን ጊዜ ለራሱ ማለ፤ «የእኔ ተማሪ በሰው ፊት አያፍርም» አለ።

ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሚስቱን ቀይ የጥፍር ቀለም አመጣና በየተማሪው ቱቦ ላይ ድምፁ የሚገኝበትን ቦታ ሁሉ ቀባው። ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀለለ። ሌላው መምህር ዓመት የሚለፋበትን ዜማ የእሱ ልጆች በወር ይነፉታል። ምርቃት ሲሆን እነሱ ናቸው፣ እንግዳ ሲመጣ እነሱ ናቸው። ወላጅ ይመርቀዋል፣ አለቆቹ ያመሰግኑታል። እሱም «ቀዩ ላይ! ቀዩ ላይ!» እያለ ዕድሜውን ሙሉ አስተማረ። እኔም ብሆን አመሰግነው ነበር፤ ፍቅር ነዋ! ክፋት ቢሆንማ ላንተ ምሳሌ አድርጌ ባልነገርኩህ።

ከተማሪዎቹ መካከል ትርሲት የምትባል ነበረች። አንድ ቀን ከአንዲት ዘፋኝ ጋር ሲለማመዱ ትርሲት ቱቦዋን ከቀዩ ትንሽ አሳለፈችው።

«ትርሲት፣ ቀዩ ላይ» አላት።

«ጋሼ፣ እሷ እኮ ከዜማው ዝቅ ብላለች። ቀዩ ላይ ስሆን አንገናኝም።»

«ቀዩ አይዋሽም። መልሺ።»

ልብህን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ደንቆሮ አልነበረም። ዘፋኟ ዝቅ ማለቷን ሰምቷል፤ ትርሲት ልክ መሆኗንም አውቋል። ግን አንዷ ከምልክቱ ከወጣች ሌሎቹም ይወጣሉ፣ ይስታሉ፣ ይሳቅባቸዋል ብሎ ፈራ። ልጅቷ ቱቦውን መለሰች። ዓመቱ ሲያልቅ ትሮምቦኑን አስረክባ ወደ ጂኦግራፊ ትምህርት ተዛወረች። ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

እርጅና ማንን ይምራል? የሰውየው የፊት ጥርሶች ረገፉ፤ ያለ ጥርስ ደግሞ ትሮምቦን አይነፋም። ጡረታ ሲወጣ ዩኒቨርሲቲው ትልቅ ዝግጅት አደረገለት። ተማሪዎቹ እሱ በወጣትነቱ የታወቀበትን ዜማ ሊነፉለት፣ የቲያትር ቤት ባልደረባው የነበረ ሽማግሌ ደግሞ ሊዘፍንለት ተሰናዱ። የቀድሞ ተማሪዎችም ተጠሩ፤ ትርሲትም መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ነበር።

የሽማግሌው ድምፅ ከዕድሜው ጋር ወርዷል። ዝቅ ብሎ ጀመረ። ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ቀዩ ላይ ተክለው ከእሱ በላይ ነፉ። ሽማግሌው ወደ እነሱ ሊወጣ ታገለ፤ ድምፁ ተሰባበረና አቆመ። አዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ሳቀ። መምህሩ ያን ሳቅ ያውቀዋል።

ተነስቶ መድረኩ ላይ ወጣ። «ልጆቼ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ወንድሜን ስሙትና እሱ የሚሄድበት ሂዱ» አላቸው። ጨፈኑ። ሽማግሌው እንደገና ጀመረ። ከትሮምቦኖቹ አንድ ድምፅ እንኳ አልወጣም። ሁሉም ቱቦውን የት እንደሚያቆመው ጠፍቶት፣ መሣሪያውን አፉ ላይ እንደያዘ፣ ሽማግሌው ብቻውን ዘፍኖ ጨረሰ። ሕዝቡ ግን ታስቦበት የተደረገ መስሎት ቆሞ አጨበጨበ። መምህሩ ሲያለቅስም የደስታ መሰላቸው።

ትርሲት ልትሰናበተው ቀረበች። እጇን ይዞ፣ «ያን ቀን ዘፋኟ ዝቅ ብላ ነበር። እኔም ሰምቼ ነበር» አላት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጆሮዬ የተበላሸ መስሎኝ ነው የተውኩት» አለችው።

እንደገና እንድትጀምር ለመናት። «አሁንማ ትክክሉን ብሰማውስ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለችና ጉንጩን ስማው ሄደች።

እንግዲህ ግርማቸው፣ ትሮምቦን ነፊው አንተ ነህ። ልጅህን መውደድህ ጥፋት አይደለም፤ ከስህተት ልትጠብቀው ማሰብህም አይደለም። ምኑ ላይ ነው አላልከኝም? ባለፈው ዓመት ልጅህ «አባዬ፣ ሕክምና ለእኔ አይሆንም፤ እርሻ ልማር» ሲልህ እኔም እዚሁ ተቀምጬ ነበር። እውነቱን እንደሆነ ማወቅህን ፊትህ ላይ አይቻለሁ። አንተ ግን «እኔ አውቅልሃለሁ» አልከው፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ እሺ አለህ። አሁን ሸሚዝ ምረጥልኝ ቢልህ ምን ይገርምሃል? ራሱን ማመን መተው የጀመረው እኮ ያን ቀን ነው።

በል ተነስና ደውልለት። የሸሚዙን ነገር ተወው። «ያን ቀን ሰምቼህ ነበር፤ ልክ ነበርክ» በለው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም? ትሮምቦን ነፊውም ይህንኑ ተናግሯል፤ የተናገረው ግን ልጅቷ ጆሮዋን ማመን ካቆመች በኋላ ነው።