የአጎቱ መኪና እሳት አዳይ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጀልባ ገዛ።

አያ ውበቱ፣ «ሁለተኛው ልጄ አላስኖር አለኝ፤ ከቤት ላስወጣው ወይስ ልታገሠው?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው የዚህን ሰው ነገር የማነሣብህ። ቁጭ በልና ስማ።

ሰውዬው የሚኖረው ከሐይቅ ዳር ነው። ሴት ልጁን ከሐይቁ ማዶ ድሯታል። ልጅቱ አረገዘች፤ የበኩር ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚወለድ። ክረምቱ ገብቶ የእግሩን መንገድ ጎርፍ በልቶታል። የደንገል ታንኳ አለ፤ ግን ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ እሷም ማዕበል ስታይ ነፍሷ አይቀርላትም። አባት «በገዛ ጀልባዬ አመጣታለሁ» ብሎ ማለ። ሁለት በሬዎቹን ሸጠና ቱሪስት ሲያመላልስ ከኖረ ሰው ያረጀች ጀልባ ገዛ። ያረጀች ስልህ፣ ኖኅ ራሱ አይቷት «ይቺስ አሮጌ ናት» ብሎ የተዋት ይመስለኛል።

የጀልባዋ ነገር ልዩ ነው። እንደ ሌሎቹ ከኋላዋ የሚሽከረከር መቅዘፊያ የላትም። በሆዷ ውሃ ትጠጣለች፣ በኋላዋ በኃይል ትተፋለች፣ በተፋችው ልክ ወደ ፊት ትወነጨፋለች። ሞተሯ የመኪና ሞተር ነው፤ አራት ጓዳ አለው። እያንዳንዱ ጓዳ ቤንዚን ይጎርሳል፣ አፉን ይዘጋል፣ እሳት ይመጣለታል፣ ከዚያ ድም ብሎ ይገፋል። እሳቱን ለአራቱም በየተራቸው የሚያድል ዕቃ አለ። መካኒኮች የሚጠሩበት የፈረንጅ ስም አለው፤ እኔ እሳት አዳይ እለዋለሁ። ጀልባዋ ስትሸጥ እሱ ብቻ አልነበራትም።

ሰውዬው አልተጨነቀም። አጎቱ መኪና ነበረችው፤ ሃያ ዓመት ዳገት ስትቧጥጥ አንድ ቀን አስነጥሳ የማታውቅ። አጎትየው ሲሞት እሷም ቆማለች። የእሷን እሳት አዳይ ፈትቶ አመጣና ገጠመው፤ ልክክ አለ። እሳቱን ለየጓዳው የሚያደርሱትን አራት ገመዶች አጎቱ መኪና ላይ እንደነበሩት አንድ በአንድ ሰካ። «አጎቴን ያኮራ ዕቃ እኔን አያሳፍርም» አለ።

አስነሣት። አስነጠሰች፤ ቀጥላ ተኮሰች። ከድምፁ የተነሣ ዓሣው ዘሎ ዋርካ ላይ ወጣ፤ ጉማሬዎቹም ሽማግሌ ልከው «ልጆቻችንን አስተኙልን» አሉ። በኋላዋ የምትተፋው ውሃ ግን የጠገበ ሕፃን ከሚተፋው አጥሚት አይበልጥም። ሁለት ክንድ ሄዳ ቆመች።

ዓሣ ነጋዴው «ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል» አለ። ቤንዚኑ ተቀየረ፤ ተኮሰች። ጎረቤቱ «ካንዴላው ነው፣ እሳቱን በየጓዳው የሚጭረው» አለ። አራቱም ካንዴላ ተቀየረ፤ ተኮሰች። ሚስቱ ጠበል ረጨቻት፤ እየተጠመቀች ተኮሰች። ስለ እሳት አዳዩ የጠየቀ ሁሉ ደግሞ አንድ መልስ ብቻ አገኘ፤ «ሃያ ዓመት ሠርቷል። እሱን ተውት።»

በሦስተኛው ቀን ከማዶ መልእክት መጣ፤ «ቀኗ ደርሷል፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ሰውዬው ካንዴላዎቹን አወጣ። አንደኛውና አራተኛው ጓዳ ንጹሕ ናቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ርሰዋል፣ ጥላሸት ለብሰዋል። የሚተኩሰው ሁለተኛው መሰለው። «አንተ ነህ የቤቴ ጠላት» አለው፤ ብረት እንደሚሰማ ሁሉ እስከ ሰባት ትውልዱ ሰደበው። ከዚያ እንጨት ጠርቦ፣ መዶሻ ይዞ፣ ያንን ጓዳ ሊደፍነው መጣ። በሦስቱ እሄዳለሁ ብሎ ነው።

እዚያ አጎቱንና መኪናውን የሚያውቅ አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር ዓሣ ሊገዛ መጥቶ ነበር። ጆሮው ፈጽሞ አይሰማም። አገር ያወከው ተኩስ እሱ ዘንድ አልደረሰም፤ ስለዚህ ሌላው ሰው ሲሰማ እሱ ያይ ነበር። የሰውዬውን ክንድ ያዘ። የእሳት አዳዩን ክዳን አነሣና ሞተሩን በእጁ እንዲያዞር በምልክት ነገረው። ሰውዬው አዞረ። ከክዳኑ ሥር ያለችው ትንሽ ምላስ፣ እሳት የምታድለው፣ ቀስ ብላ ዞረች።

«የአጎትህ መኪና ላይ ወዴት ነበር የምትዞር?» አለ ሾፌሩ።

ሰውዬው በጣቱ ወደ ቀኝ አሳየው።

«እዚህስ?»

ወደ ግራ ነበር።

ሰውዬው መዶሻውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ምላሷ በተቃራኒው ስትዞር አንደኛውና አራተኛው ድርሻቸውን ሲያገኙ፣ ለሁለተኛው የሚገባው እሳት ግን ለሦስተኛው፣ የሦስተኛውም ለሁለተኛው ሲታደል ታየው። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ምስኪኑ ጓዳ አፉን ሳይዘጋ እሳት ሲጨመርበት ኖሯል። እሱ ደግሞ ለምን ጮኽህ ብሎ ሊደፍነው ነው።

«ታዲያ ይህን ዕቃ ልጣለው?» ሲል ጠየቀ።

ሾፌሩ ከከንፈሩ አንብቦ ሳቀ። «ለምን ትጥለዋለህ? ደህና ዕቃ ነው። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ገመድ አቀያይር። መዶሻውን ግን መጀመሪያ አስቀምጥ፤ በአንድ እጅ አይሆንልህም።»

አስቀመጠ፤ አቀያየረ። ጀልባዋ እንደ ንብ አንድ ወጥ ድምፅ አውጥታ፣ ሚስቱ የጣደችው ሽሮ ሳይንተከተክ ማዶ ደረሰች። በኋላዋ የተፋችው ውሃ የሦስት ገበሬ ማሳ አጠጣ ይላሉ፤ እኔ ያየሁት የሁለቱን ብቻ ነው። ልጅቱ ስትሳፈር «አባባ፣ ሦስት ቀን ስትተኩስ የሰነበተችው ይቺ ናት? እኛማ ሠርግ አለ ብለን ስንቀና ነበር» አለችው። በማግሥቱ በእናቷ ቤት በሰላም ተገላገለች።

አያ ውበቱ፣ አንተም አራት ልጅ አለህ። የምታሳድጋቸው አባትህ እናንተን ባሳደገበት ሥርዓት ነው፤ በኩራት ነው የምትናገረው፣ ደግሞም ያኮራል። አባትህ ሁለተኛ ልጁን፣ ታላቅህን፣ በቁጣ አቀናው፤ ካልጮኹበት የማይነቃ ሰው ነበርና። ሦስተኛውን፣ አንተን፣ እያባበለ አሳደገህ፤ ቁጣ ይሰብርህ ነበርና። አንተም ገመዱን አባትህ ቤት እንደነበረው ሰካኸው። ሁለተኛ ልጅህ ግን ታላቅህን አይደለም የመሰለ፤ አንተን ነው። ገና ሳይጎርስ እሳት ትለቅበታለህ፣ ይተኩሳል። ታላቅህን የመሰለችው ሦስተኛዋ ናት። ማባበሉ አስንፏት ጥላሸት ለብሳ ተቀምጣለች፤ ስለማትጮኽ የከሰሳት የለም።

ልጁን አታስወጣ። የአባትህንም ሥርዓት አትጣል። ለእሱ የምትለውን ለእሷ በላት፣ ለእሷ የምትለውን ለእሱ በለው። ዛሬ ቤት ስትገባ ከእሱ ጀምርና ስሙን ቀስ ብለህ ጥራው። መጀመሪያ ቢደነግጥብህ አትቀየመው፤ በዚያ ድምፅ ስሙን ጠርተህለት አታውቅም።